ሄንሪ ፎልጀር

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ክሌይ ፎልጀር በ1857 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። በአምኸርስት ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ በ1879 ዓ.ም. ስመ ጥሩው ደራሲ ኤመርሰን ያደረገውን ንግግር ሰማ። ከዚያም ኤመርሰን ስለ ሼክስፒር የጻፈውን ፈልጎ አነበበና በእንግሊዛዊው ባለቅኔ ፍቅር ተያዘ። ኑሮውን የመሠረተው ግን በነዳጅ ዘይት ንግድ ነበር፤ በጸሐፊነት ጀምሮ በ1911 ዓ.ም. የኒው ዮርኩ ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ።

በ1889 ዓ.ም. በአንድ ሐራጅ ላይ የሼክስፒር ተውኔቶች የታተሙበትን አንድ የ1685 ዓ.ም. መጽሐፍ በ107 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገዛ። ሂሳቡን በአንድ ጊዜ ለመክፈል አቅም ስላልነበረው ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ። ኋላ ሀብት ሲያገኝ ዓይኑ ያረፈው በ1623 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው እትም ላይ ነው። ይህ መጽሐፍ ባለቅኔው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ሁለት የተዋናይነት ባልደረቦቹ 36 ተውኔቶቹን ሰብስበው ያሳተሙት ሲሆን፣ ከእነዚህ እኩሌቶቹ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ማክቤዝ» እንኳ ለትውልድ የተረፈው በዚሁ እትም ነው።

ፎልጀር የሚሻው መጽሐፉን ብቻ አልነበረም። በገጾቹ ላይ የተጻፈ ስም፣ በቆዳ ሽፋኑ ላይ የታተመ ምልክት፣ በኅዳጉ የተጫረ ማስታወሻ ሁሉ መጽሐፉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተሻገረ ያመለክተው ነበር። በ1891 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአንድ ባላባት ግቢ፣ በሠረገላ ቤት ውስጥ አንድ የመጀመሪያው እትም ቅጂ ተገኘ። በላዩም አታሚው ዊልያም ጃጋርድ በ1623 ዓ.ም. ለኦገስቲን ቪንሰንት የሰጠው ስጦታ መሆኑ በራሱ በቪንሰንት እጅ በላቲን ተጽፎበታል። ቪንሰንት የመኳንንትን የዘር ሐረግ የሚመዘግብ ሹም ነበር፤ የቤተሰቡም ምልክት በሽፋኑ ላይ ታትሟል። እንግዲህ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ከወዳጅ እጅ የገባ ነው። ባለቤቱ ለመሸጥ ፈቃደኛ ስላልነበረ ፎልጀር ለዓመታት ተደራድሮ በ1903 ዓ.ም. 10,000 ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው።

ይሁን እንጂ የመጽሐፍ ታሪክ በገዥ ላይም ይነሣል። በ1905 ዓ.ም. አንድ ወጣት የተጎዳ የቤተሰቡን መጽሐፍ ስለ ጥገናው ምክር ሊጠይቅ ወደ ኦክስፎርድ፣ ወደ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይዞ መጣ። ሊቃውንቱ ሽፋኑን መርምረው መጽሐፉ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት አዲስ እትም ስለ መጣ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ከዚያው ቤት የወጣ የመጀመሪያው እትም መሆኑን ደረሱበት። ፎልጀር ስሙን ሳይገልጥ 3,000 ፓውንድ አቀረበ። ቤተ መጻሕፍቱ ይህን ያህል ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከሕዝብ መዋጮ ለመነ፤ በ1906 ዓ.ም.ም ገንዘቡ ተሟልቶ መጽሐፉ ወደ ጥንት ቤቱ ተመለሰ። በዚህ ነገር ፎልጀር ቢያዝንም ፍርዱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ የቀድሞ ባለቤትን ማንነት እንደ ሀብት የሚቆጥር ሰው የቀድሞ ባለቤትን መብት ሊንቅ አይገባውምና።

ከዚያ በኋላም መግዛቱን አልተወም፤ በጠቅላላው 82 የመጀመሪያው እትም ቅጂዎችን ሰበሰበ። ስለ ሼክስፒር ጽሑፎች አጥንታ የማስተርስ ዲግሪ ያገኘችው ሚስቱ ኤሚሊ የመጻሕፍቱን መዝገብ ትይዝ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም፤ ለብዙ ዘመን የኖሩትም በኪራይ ቤት ነው። መጻሕፍቱ በሣጥን እየታሸጉ በመጋዘንና በባንክ ካዝና ስለሚቀመጡ ሊቃውንት ሊያዩአቸው አይችሉም ነበር፤ በዚህም ብዙዎች አማርረዋል።

በመጨረሻ ባልና ሚስቱ ስብስቡን ለአሜሪካ ሕዝብ ለመስጠት ወስነው በዋሽንግተን ከተማ ቦታውን በዝግታ፣ ቤት በቤት እየገዙ አዘጋጁ። የሕንፃው የመሠረት ድንጋይ በግንቦት 1930 ዓ.ም. ተጣለ። ፎልጀር ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 11 ቀን ሞተ። በ1929 ዓ.ም. የአክሲዮን ገበያ በመውደቁ የተወው ሀብት ለታሰበው ስላልበቃ ኤሚሊ ከራሷ ገንዘብ ጨምራ ሥራውን አስፈጸመች፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሚያዝያ 23 ቀን 1932 ዓ.ም. ተከፈተ። ፎልጀር ግን የሰበሰባቸውን መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ቤት ተደርድረው አላያቸውም።