ዘግይቶ የተማረ ሠዓሊ፤ የቪንሴንት ቫን ጎግ ሕይወት

የሰውን መልክና አቋም እያዩ በትክክል መሣል ከልደት ጋራ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ያልተሰጠውም ሰው በትምህርት አያገኘውም የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ ይገኛል። ይህም አሳብ ገና የመጀመሪያው ሥዕሉ ሲበላሽበት እርሳሱን ለሚጥል ተማሪ ጥሩ ማመካኛ ይሆነዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት፣ ሥዕልን ሥራዬ ብሎ በ27 ዓመቱ የጀመረውን የሆላንዱን ሠዓሊ የቪንሴንት ቫን ጎግን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫን ጎግ በ1853 ዓ. ም. በሆላንድ አገር ዙንደርት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። በ16 ዓመቱ ዘ ሄግ ከተማ ውስጥ ሥዕል በሚነግድ ጉፒል በተባለ ድርጅት ተቀጠረ፤ በሎንዶንና በፓሪስም ሠራ። ነገር ግን በ1876 ከሥራው ተሰናበተ። ከዚያም በእንግሊዝ አገር አስተማሪ፣ በሆላንድ የመጽሐፍ ሻጭ፣ ኋላም በቤልጅየም በቦሪናዥ አውራጃ ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሰባኪ ሆነ። በአንዱም አልጸናም። በ1880 ግን፣ በእነዚያው ድኾች ሠራተኞች መካከል ሳለ፣ ሠዓሊ ለመሆን ቈረጠ።

እጁ ገና ያልተፍታታ ስለ ነበረ ከፊደል እንደሚጀምር ሕፃን ጀመረ። ሻርል ባርግ የተባለው ፈረንሳዊ ያዘጋጃቸውን 60 የመልመጃ ገጾች ተውሶ፣ የሰውን አካል ከዳር እስከ ዳር እየተመለከተ ደጋግሞ ገለበጠ። ቀጥሎም ወደ ብሩሴል ሄዶ የአጥንትንና የጡንቻን አቀማመጥ ከመጻሕፍት እያየ አጠና። ይህን ያደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰው ክንዱን ሲያጥፍ ወይም ጐንበስ ሲል ከላይ የሚታየው ቆዳና ልብስ ብቻ ነው፤ ቅርጹን የሚሰጠው ግን ከሥር ያለው አጥንት ነውና፣ ይህን ያላወቀ ሠዓሊ ባዶ ልብስ እንደ ሣለ ይቆጠራል።

በ1881 ወላጆቹ ይኖሩባት ወደ ነበረችው ወደ ኤተን መንደር ተመልሶ መሬት የሚቆፍሩትን፣ ዘር የሚዘሩትንና ልብስ የሚሰፉትን ሰዎች ይሥል ጀመር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ዘ ሄግ ሲሄድ፣ በጋብቻ ዘመዱ የሆነው ታዋቂው ሠዓሊ አንቶን ሞቭ አስተማረው። ሞቭ ከጀሶ የተሠሩ የአካል ቅርጾችን እያየ እንዲለማመድ መከረው። ቫን ጎግ ግን የሕያው ሰው እጅና እግር እያለ ጀሶ መሣል አስቈጣውና ቅርጾቹን ሰባበራቸው፤ ከመምህሩም ጋራ ተቀያየመ።

ይሁን እንጂ መምህሩን ቢተው ልምምዱን አልተወም። በ1882 በመካከሉ ክር የተወጠረበት የእንጨት ክፈፍ አሠርቶ በዚያ ውስጥ አሻግሮ ይመለከት ነበር። የሰውዬው ትከሻ ከየትኛው ክር በላይ፣ ጕልበቱም ከየትኛው በታች እንደ ሆነ አይቶ፣ በወረቀቱ ላይ በዚያው ልክ ያስቀምጠዋል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሥለው ዓይኑ የሚያየውን ሳይሆን አእምሮው የሚያውቀውን ነው፤ ወደ እርሱ የተዘረጋ ክንድ አጥሮ እየታየው አርዝሞ ይሥለዋል። ክፈፉ ይህን ስሕተት ያርማል። በዚያው ዓመት በአረጋውያን መኖሪያ ቤት የሚኖር አንድ ሽማግሌ ገንዘብ እየከፈለ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ በወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሣለው። ገንዘቡ ግን የራሱ አልነበረም፤ በየጊዜው የሚልክለት ታናሽ ወንድሙ ቴዎ ነበር።

በ1884 መጨረሻና በ1885 መጀመሪያ በኑነን መንደር 40 ያህል የገበሬዎችን ፊት በቀለም ሣለ። ከዚህም ልምምድ በኋላ አምስት ሰዎች በመብራት ዙሪያ ተቀምጠው ድንች ሲበሉ የሚያሳየውን ታላቅ ሥዕሉን ፈጸመ። ወዳጁ ሠዓሊው ቫን ራፓርድ የዚህን ሥዕል ኅትመት ባየ ጊዜ የክንዱን ማጠርና የአፍንጫውን አሣሣል ክፉኛ ነቀፈ። ቫን ጎግ እጅግ አዘነ፤ ወዳጅነታቸውም በዚሁ ፈረሰ። ነገር ግን በዚያው በጋ በአጨዳ ላይ ያሉትን ገበሬዎች ሲሥል ዘዴውን ለወጠ። ከዳር መስመር መጀመሩን ትቶ፣ ራስን፣ ደረትንና ዳሌን በመጀመሪያ እንደ እንቍላል ባለ ቅርጽ እያስቀመጠ፣ አካሉ ክብደት እንዲኖረው አደረገ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የሚከተለው ነው። ጀሶውን የሰበረው ይህ ሰው በ1886 በ32 ዓመቱ በአንትወርፕ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በዕድሜ ከሚያንሱት ጋራ ተቀምጦ ጀሶ ሣለ። አስተማሪዎቹ አሣሣሉን ስላልወደዱት ወደ ጀማሪዎች ክፍል እንዲወርድ ወሰኑ፤ እርሱ ግን ቀደም ብሎ ወደ ፓሪስ ሄዶ ነበር። በዚያም በሠዓሊው በኮርሞን ዘንድ እንደ ገና ጀሶና ሕያው ሰው እያየ ተለማመደ። ተቀምጦ ለሚሣልለት ሰው የሚከፍለው ሲያጣ መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ሣለ፤ ከ1886 እስከ 1889 ባለው ጊዜ ወደ 35 የሚሆኑ የራሱን መልኮች አበርክቷል።

ከ1888 ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ የሩለንን፣ የሚስቱንና የልጆቹን መልክ ሣለ። በሕመም ብዙ ተሠቃይቶ በጁላይ 29 ቀን 1890 በ37 ዓመቱ ሞተ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ800 በላይ የቀለም ሥዕሎችና ከ1,000 በላይ ንድፎች ሠርቷል። በሕይወቱ እምብዛም አልተሸጠለትም። ወንድሙም ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ሲሞት ሥዕሎቹን ጠብቃ ለዓለም ያሳወቀች የቴዎ ሚስት ዮሐና ናት። ዛሬ የድንች በሊዎቹ ሥዕል በ1973 በአምስተርዳም በተከፈተው በስሙ በሚጠራው ሙዚየም ይገኛል።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቻችን፣ ተሰጥዎ የለም አንልም። ነገር ግን ቫን ጎግ ተሰጥዎውን ያገኘው የገለበጣቸውን ገጾች፣ የሣላቸውን 40 ፊቶችና የተቀበለውን ነቀፌታ አልፎ ነው። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም የቴዎን ነገር እንዲያስቡልን እንለምናለን፤ ሥራው ገና ሳያምር ያመነበት እርሱ ነበርና። እኛም በሥዕል ክፍለ ጊዜ የጎረቤታችንን ፊት ስንሥል፣ ዓይን በራስ መካከል ገደማ እንጂ ወደ ግንባር እንዳልወጣ እንለካ፤ የምናውቀውን ሳይሆን የምናየውን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ባይመስል ሁለተኛው አለ፤ አርባኛውም አለ።