ከልብ የወጣ ጣዖት

ጣዖት ሁሉ ከእንጨትና ከድንጋይ የተጠረበ አይደለም። ሰው ንስሐ ገባሁ ካለ በኋላ እንኳ ለእግዚአብሔር የማይለቀው ነገር ጣዖቱ እርሱ ነው። ይህንም ከጆን ኒውተን ሕይወት እንማራለን።

ኒውተን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1725 ዓ. ም. በሎንዶን ተወለደ። እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምራ ቃለ እግዚአብሔርን አስተማረችው፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት። አባቱ የመርከብ አለቃ ነበረና ልጁን በ11 ዓመቱ ወደ ባሕር ወሰደው። ባደገም ጊዜ የአምላክን ስም የሚሳደብ፥ ባልንጀሮቹንም ከእምነት የሚያስወጣ ሰው ሆነ።

በ1748 ዓ. ም. በመጋቢት ወር ወደ አገሩ ሲመለስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ማዕበል ተነሣ። የመርከቡ ጎን ተሰብሮ ውኃ ገባበት፤ አንድ መርከበኛም በማዕበሉ ተወሰደ። ያን ጊዜ ኒውተን ወደ እናቱ አምላክ ጮኸ። ከሞትም ተርፎ ወደ አየርላንድ በደረሰ ጊዜ ስድብን ትቶ ጸሎትን ጀመረ። ያንንም ቀን እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ያስበው ነበር።

ነገር ግን አንድ ጣዖት በልቡ ቀርቶ ነበር። ከ1750 እስከ 1754 ዓ. ም. የባሪያ መርከብ አለቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ተጓዘ። እርሱ በላይ ከመርከበኞቹ ጋር ሲጸልይ፥ በታች የአፍሪካ ልጆች በእግር ብረት ታስረው ያቃስቱ ነበር። ንግዱ በሕግ የተፈቀደና በሰው ዘንድ የተከበረ ስለ ነበረ ኅሊናው አልወቀሰውም። ባሕርንም የተወ በሕመም ምክንያት ነው እንጂ በጸጸት አይደለም።

በ1764 ዓ. ም. በኦልኒ ቄስ ሆነ፤ በኋላም በሎንዶን አገለገለ። ቃሉን ለሌሎች እየሰበከ ሲኖር ቃሉ እርሱን ራሱን መረመረው። በ1788 ዓ. ም.፥ ባሕርን ከተወ ከ34 ዓመት በኋላ፥ ስለ ባሪያ ንግድ መጽሐፍ አሳተመ። የሌሎችን በደል ብቻ አልጻፈም፤ የገዛ እጁን ሥራ በሕዝብ ሁሉ ፊት ተናዘዘ። በመንግሥት ሸንጎም ቆሞ ያየውን መሰከረ፤ ለባሮች የሚከራከረውን ዊልያም ዊልበርፎርስንም አበረታ። በ1807 ዓ. ም. የእንግሊዝ ሸንጎ የባሪያን ንግድ በሕግ ከለከለ። ኒውተንም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

አንባቢ ሆይ፥ እግዚአብሔር የዘገየውን ንስሐ አልናቀም። ነገር ግን በእነዚያ መርከቦች የተወሰዱት ሰዎች ወደ አገራቸው አልተመለሱም። እንግዲህ ያንተን ኪስ የሚሞላው፥ ሌላውን ግን የሚያስለቅሰው ነገር ምንድር ነው? ሕግ ቢፈቅደውም፥ ሰው ቢያመሰግንህም፥ ዛሬ ከልብህ አውጣው።