ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፦ ከአንጎለላ እስከ እንጦጦ

በየካ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ላምበረት መናኸሪያ ወደ ደሴ የሚነሳ አውቶቡስ ሰንዳፋን አልፎ ደብረ ብርሃን ከመድረሱ በፊት የአንጎለላና ጠራ ወረዳን ያቋርጣል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው በአንጎለላ ነው።

አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አመለጡ። ዛሬ ተሳፋሪ እያንቀላፋ የሚያልፈው የወሎና የሸዋ መንገድ ያን ጊዜ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት መንገዱን ከፍተው አሳለፏቸው። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ፤ መቅደላ ታስሮ የነበረው ልጃቸው በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። የምኒልክ ታሪክ ሲነሳ እኚህ እናት ብዙም አለመታወሳቸው ያሳዝናል።

ምኒልክ ሸዋ ገብተው ነገሡ። መናገሻቸውም ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ በኋላም ወደ እንጦጦ ተዛወረ። እንጦጦ ለጦር ስልት የተመቸ፣ ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ የሚያስቸግር ከፍታ ነው። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አካባቢ ቤት አሠርተው ስፍራውን በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። የንጉሠ ነገሥትነቱ ዘውድ የተደፋው ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚያው ተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነበር።

የአድዋ ድል ከተገኘ በኋላም ከተማዋን ሌላ ጠላት ፈተናት፤ እንጨት አለቀ። መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ መንገድ ተሠራ። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ማገዶውንና የቤት መሥሪያውን ባይሸፍን ኖሮ፣ መንገዱ ከተማዋን ጠቅልሎ ይወስዳት ነበር። ዛፉ ውሃ ይሻማል የሚለው የገበሬ ቅሬታ እውነት አለው፤ ያኔ ግን አዲስ አበባን ያቆያት እሱ ነው።

ለመንገዱ መዳመጫ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጡት የእንፋሎት ማሽን የሰርኪስ ባቡር ተባለ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት። ብዙም ሳይቆዩ በጠና ታመሙ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።