ከመሠረቱት ቤት የወጡት መሪ፤ አሕመድ ዲኒ

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ከተማው የሚዘልቅ እግረኛ አስቀድሞ የሚያገኘው በፈረንሳዮች ዘመን የተሠሩትን፣ ነጭ የተቀቡና ቅስት ያላቸውን ሕንፃዎች ነው። በማሕሙድ ሐርቢ ስም የተሰየመውን አደባባይና የሐሙዲን መስጊድ አልፎ ሲሄድ ግን በቁጥር ብቻ የሚጠሩ ሰፈሮች ይቀበሉታል። እነዚህም ከካርቲየ 1 እስከ ካርቲየ 7 ያሉት ናቸው። ካርቲየ 5 ከእነርሱ አንዱ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ከኖሩት መካከል በወደብ ጭነት የሚያነሡና የሚያወርዱ፣ በባቡር ሐዲዱ የሚሠሩ፣ በገበያ የሚነግዱ ይገኛሉ። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ደርሶ ሰዉ ከሐሩሩ ሸሽቶ በጥላ በሚሰበሰብበት ሰዓት ጨዋታው ወደ ፖለቲካ ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ማን ከማን ተለየ እየተባለ ይወሳል።

አንድ የፖለቲካ ሰው ከፓርቲው መውጣቱ በተሰማ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው ለምን ወጣ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የማን ወገን ነው የሚለው ነው። ከሁለቱ አስተዋይ ሰው ማስቀደም የሚገባው የመጀመሪያውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚቀድመው ሁለተኛው ነው። ይህን ለመረዳት የአሕመድ ዲኒ አሕመድ የሕይወት ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

አሕመድ ዲኒ በ1932 በኦቦክ ተወለዱ። ኦቦክ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን የምትገኝ የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት። ፈረንሳዮች በአካባቢው መጀመሪያ የሰፈሩት በእርስዋ ሲሆን፣ ዋና ከተማቸውን ወደ ጅቡቲ ያዛወሩት ኋላ ነው። አሕመድ ዲኒ የአፋር ተወላጅ ናቸው። በአገሪቱ ውስጥ አፋሮችና ሶማሌዎች፣ ከሶማሌዎችም ይልቁን ኢሳዎች፣ ከየመን ከመጡ ዐረቦች ጋር አብረው ይኖራሉ። አፋሮችም ሆኑ ኢሳዎች ወሰን ሳይለያቸው በኢትዮጵያ ምድር ወገኖች ስላሏቸው፣ በጅቡቲ የሚሆነው ነገር ከአዋሽ ሸለቆ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ይሰማል።

አሕመድ ዲኒ ወደ ፖለቲካው የገቡበት ጊዜ ታላቅ ክርክር የተነሣበት ነበር። መስከረም 28 ቀን 1958 የግዛቱ ሕዝብ ከፈረንሳይ ጋር ይቀጥል ወይም ይለይ እንደ ሆነ ድምፁን እንዲሰጥ ተጠየቀ። የመንግሥቱ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ማሕሙድ ሐርቢ ሕዝቡ መለየትን እንዲመርጥ ቀሰቀሱ። ተቀናቃኛቸው ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ግን ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን ደገፉ። ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ከመቶ 75 ያህሉ መቆየቱን መረጠ። ከአንድ ዓመት በፊት በምርጫ ድል አድርገው የነበሩት ሐርቢ በዚያው ዓመት ኅዳር በተደረገው ምርጫ ተሸነፉ፤ አገር ለቀውም በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ያልተከተላቸው አገር ከነጻነት በኋላ ሥዕላቸውን በገንዘቡ ላይ አተመ፤ አደባባዩንም በስማቸው ጠራ።

የሐርቢን ሥልጣን የወረሱት ሐሰን ጉሌድ ነበሩ። እርሳቸውም በ1959 የፓሪስ ምክር ቤት አባል ሆነው ሲመረጡ በቦታቸው አሕመድ ዲኒ ተተኩ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃያ ሰባት ዓመት የሚበልጥ አልነበረም። በሥልጣኑ ላይ የቆዩት እስከ 1960 ብቻ ነው። ከእርሳቸው በኋላ ሥልጣኑን የያዙት ዓሊ ዓሬፍ ቡርሃን፣ ጥቂት ወራት ሲቀር፣ እስከ 1976 ድረስ የግዛቱ ዋነኛ ሰው ሆነው ቆዩ።

በ1967 መጋቢት ሕዝቡ በዚያው ጉዳይ ዳግመኛ ድምፅ ሰጠ። በዚህ ጊዜ አፋሮች በብዛት ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን፣ ሶማሌዎች በብዛት ነጻነትን መረጡ። ውጤቱ ከፈረንሳይ ጋር ለመቆየት ሆነ። በቁጥር በሚጠሩት ሰፈሮች ሁከት ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሰዎችም ከአገር ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ የድምፅ መስጫ ወረቀት የሐሳብ ሳይሆን የትውልድ ምልክት ሆኖ ይታይ ጀመር። አንድ ሰው በምን እንደሚያምን ሳይጠየቅ ከማን እንደተወለደ ታውቆ ድምፁ ይገመት ነበር።

ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ከተሞከሩት ሥራዎች ትልቁ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተጀመረ። ከዓሊ ዓሬፍ የተለዩት አሕመድ ዲኒና ነጻነትን ይደግፉ የነበሩት ሐሰን ጉሌድ በአንድ ማኅበር ተሰለፉ። አንዱ አፋር፣ ሌላው ኢሳ ነበሩ። ማኅበሩ በኋላ ለነጻነት የአፍሪካ ሕዝባዊ ሊግ የሚለውን ስም ያዘ። ሐሰን ጉሌድ ፕሬዚዳንት፣ አሕመድ ዲኒ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የማኅበሩ ኃይል ያለው በዚህ ጥምረት ነበር። አፋሩና ኢሳው በአንድ መድረክ ቆመው አንድ ነገር ሲጠይቁ፣ ፈረንሳይ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ይጠብቀኝ ይለኛል ልትል አልቻለችም። ዓሊ ዓሬፍ በ1976 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 27 ቀን 1977 ጅቡቲ ነጻ ወጣች።

ሐሰን ጉሌድ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ አሕመድ ዲኒ በሐምሌ ወር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ይሁን እንጂ አዲሱ መንግሥት የተወለደው በክፉ ቀን ነበር። በዚያው በሐምሌ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ጦርነት ገጠሙ። የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር መንገድ ተቈረጠ፤ ከተማይቱ የምትኖርበት የወደብ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ስደተኞችም ጎረፉ። ከዚህ ሁሉ ጋር በነጻነቱ ትግል ጊዜ የተሸፈነው የአፋርና የኢሳ ጥርጣሬ እንደገና ብቅ አለ።

ታኅሣሥ 15 ቀን 1977 ፈረንሳውያን በሚያዘወትሩት በአንድ ቡና ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። ወንጀሉ በአንድ የአፋር ድርጅት ላይ ተላከከ፤ በከተማው የሚኖሩ አፋሮችም በገፍ ታሠሩ። ከሁለት ቀን በኋላ አሕመድ ዲኒ ከሌሎች አራት አፋር ሚኒስትሮች ጋር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ምክንያታቸውም መንግሥት በአንድ ወንጀል ሳቢያ አንድን ሕዝብ በጠቅላላው እየቀጣ ነው የሚል ነበር። ነጻነት ከታወጀ ገና ስድስት ወር አልሞላም።

ይህ መልቀቅ እንደየወገኑ ተተረጐመ። ብዙ አፋሮች አሕመድ ዲኒን ለወገናቸው ሲሉ ሥልጣን የናቁ ሰው አድርገው ተመለከቷቸው። በመንግሥቱ ወገን የቆሙት ደግሞ በጦርነት የተከበበች ጨቅላ አገር በተቸገረችበት ሰዓት የጐሣ ባንዲራ አነሡ ብለው ወቀሷቸው። የታሠሩት ሰዎች በርግጥ ጥፋት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው ጥያቄ በሁለቱ ወገኖች ጩኸት መካከል ተረሳ። ሰውየው አፋር መሆናቸው ለአንዱ ማመስገኛ፣ ለሌላው መኰነኛ ሆኖ በቃ።

መጋቢት 4 ቀን 1979 ሊጉ ከስሞ በምትኩ የሕዝብ ስብስብ ለእድገት የተባለው ፓርቲ በሐሰን ጉሌድ መሪነት ተቋቋመ። አሕመድ ዲኒ የደከሙበት ማኅበር በዚህ ዓይነት ከስሙ ጋር ጠፋ። በ1981 ሐሰን ጉሌድ ብቸኛ እጩ ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዓመት አሕመድ ዲኒና ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ ሌሎች ፖለቲከኞች የጅቡቲ ሕዝባዊ ፓርቲ የሚባል የተቃዋሚ ድርጅት መሠረቱ። መንግሥት ግን መሪዎቹን አሠረ፤ በጥቅምትም አንድ ፓርቲ ብቻ እንዲኖር የሚያዝ ሕግ ወጣ። ከእንግዲህ ከፓርቲው የሚወጣ ሰው የሚገባበት ሌላ ፓርቲ አልነበረውም። መራጩም ቢደግፈው ቢነቅፈው፣ ያንን በድምፁ የሚገልጥበት ሣጥን አጣ።

የተዘጋ በር ውሎ አድሮ መሰበሩ አይቀርም። በኅዳር 1991 ፍሩድ ተብሎ በአጭሩ የሚጠራው የአንድነትና የዴሞክራሲ መመለሻ ግንባር በሰሜን አገር ጦር አነሣ። ታኅሣሥ 18 ቀን የመንግሥት ኃይሎች አርሂባ በሚባለው አፋሮች በብዛት በሚኖሩበት የጅቡቲ ሰፈር ተኩስ ከፍተው ብዙ ሰዎች ገደሉ። በሚቀጥለው ወር የጤና ሚኒስትሩ መሐመድ ጃማ ኤላቤ ከሥልጣናቸውና ከፓርቲያቸው ወጡ። እርሳቸው አፋር አልነበሩም፤ ስለዚህም ግፍን መቃወም የአንድ ጐሣ ሥራ ነው የሚለው ሐሳብ ትክክል እንዳልሆነ ታየ።

አሕመድ ዲኒ በ1992 የፍሩድ መሪ ሆኑ። እነሆ፣ በ1977 በሰላም ሥልጣን የለቀቁት ሰው አሁን የታጠቀ ጦር አለቃ ሆኑ። ጦርነቱ በታጁራና በኦቦክ አካባቢ መንደሮችን አጠፋ፤ ብዙ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። ይህም በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የሚያከራክር ክፍል ሆኖ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ዕጣው ተገለበጠ። ከፍሩድ መሪዎች ከፊሎቹ ታኅሣሥ 26 ቀን 1994 ከመንግሥት ጋር የሰላም ውል ተፈራረሙ፤ በሚኒስትርነትም ተሾሙ። አሕመድ ዲኒ ውሉን አልተቀበሉም። ቀድሞ ከባልንጀሮቻቸው የተለዩት ሰው አሁን ባልንጀሮቻቸው ተለዩአቸው። ቀድሞ በእርሳቸው ላይ ይሰነዘር የነበረው የክህደት ወቀሳም አሁን ከእርሳቸው ወገን በፈራሚዎቹ ላይ ተሰነዘረ። ሰው ሲለየን ከሐዲ፣ ወደ እኛ ሲመጣ ጀግና የማለት ልማድ አንዱን ወገን ብቻ የሚያጠቃ በሽታ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

አሕመድ ዲኒ ትግሉን በስደት ሆነው መሩ። ሐሰን ጉሌድ በ1999 ከፕሬዚዳንትነት ከተሰናበቱ በኋላ፣ የካቲት 7 ቀን 2000 በፓሪስ የእርሳቸው የፍሩድ ክፍል ከመንግሥት ጋር ተስማማ። መጋቢት 29 ቀን ወደ ጅቡቲ ተመለሱ። የመጨረሻው ውል በግንቦት 2001 ተፈረመ። ፓርቲ የማቋቋም ገደብ በ2002 ሲነሣ፣ የሪፐብሊካን ኅብረት ለልማት የተባለውን ፓርቲ መሠረቱ። ከሌሎች ተቃዋሚዎች ጋርም ግንባር ፈጠሩ። በዚህ ግንባር ውስጥ የሐሰን ጉሌድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት እስማዒል ጌዲ ሐሬድ ይገኙ ነበር። አፋሩና ኢሳው እንደ 1970ዎቹ ሁሉ እንደገና በአንድ መድረክ ቆሙ።

ጥር 10 ቀን 2003 የምክር ቤት ምርጫ ሆነ። በ1994 የፈረሙት የቀድሞ ጓደኞቻቸው ከገዥው ፓርቲ ጋር ተሰልፈው ተወዳደሯቸው፤ ስለዚህ የሰሜን መራጮች ከሁለቱ የፍሩድ ወገኖች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። በተገለጠው ውጤት መሠረት የአሕመድ ዲኒ ግንባር ከመቶ 37 ያህል ድምፅ አገኘ። ይሁን እንጂ በሕጉ መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል በድምፅ የበለጠው ወገን የክልሉን ወንበሮች በሙሉ ይወስድ ነበርና፣ 65ቱም ወንበሮች ለገዥው ወገን ሆኑ። ተቃዋሚዎቹ ምርጫው ተጭበርብሯል ብለው ቢከሱም ውጤቱ አልተለወጠም። ከመቶ 37 የሚሆኑት መራጮች በምክር ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የሚናገርላቸው አላገኙም።

አሕመድ ዲኒ መስከረም 12 ቀን 2004 በ72 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። የምርጫው ሕግ ሲሻሻል ለማየት አልታደሉም። በ2012 ከወንበሮቹ ከመቶ 20 የሚሆኑት በድምፅ ብዛት መጠን እንዲከፋፈሉ ተወሰነ፤ በ2013 በተደረገው ምርጫም ከነጻነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃዋሚዎች የምክር ቤት ወንበር አገኙ።

የአሕመድ ዲኒ ሕይወት እንከን የለሽ አይደለም። ሥልጣን ይዘዋል፣ ትተዋል፤ ከአንዱ ጋር ተባብረዋል፣ ተለይተዋል፤ በቃልም በጦርም ታግለዋል። ከእነዚህ አንዱን አመስግኖ ሌላውን መንቀፍ ይቻላል። ዳሩ ግን ምስጋናውም ሆነ ነቀፋው እያንዳንዱን መለየት በምክንያቱ መርምሮ ሊሆን ይገባል። በ1977 የታሠሩት ሰዎች ጥፋት ነበረባቸው ወይ፣ በ1994 የቀረበው ሰላም በቂ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ አፋር ወይም ኢሳ መሆንን አይሻም። በካርቲየ 5ም ሆነ በኦቦክ ጠረፍ የሚኖር መራጭ፣ ከማን ተወለደ ከማለቱ በፊት ለምን ወጣ ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ድምፁ በእውነት የራሱ ይሆናል።

ጥያቄዎች

1. በ1967 ከተሰጠው ድምፅ በኋላ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንዴት ይታይ ጀመር?
2. አሕመድ ዲኒ በ1977 ሥልጣናቸውን የለቀቁበት ምክንያት ምን ነበር? ሕዝቡስ እንዴት ተቀበለው?
3. በ1977 እና በ1994 የተፈጸሙት መለያየቶች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
4. በ2003 ከመቶ 37 ያህል ድምፅ ያገኘው ግንባር አንድም ወንበር ያላገኘው ለምንድን ነው?
5. ከፓርቲው ስለወጣ ሰው ፍርድ ከመስጠት በፊት ምን መመርመር ያስፈልጋል? ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።