ብረት ያሰረው እግር

ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 በፖላንድ ተወለደ፤ ያደገው ግን በአዘርባጃን፣ በድህነት ነው። በ1944 የሕክምና ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በሳይቤሪያ፣ በኩርጋን አውራጃ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ተላከ። ዘመኑ የጦርነት ነበርና እጅ እግሩ የተሰበረ ሰው ሞልቶ ነበር።

በ1951 ገደማ አንድ መሣሪያ ሠራ። ይኸውም ቀጫጭን ሽቦዎችን በአጥንቱ ውስጥ አሳልፎ እግሩን ከከበቡት የብረት ቀለበቶች ጋር የሚወጥር ነው። አጥንቱ ተቆርጦ ጥቂት ቀን ካረፈ በኋላ ብሎኑ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል፣ ያውም በአራት ጊዜ ተከፍሎ ሲዞር፣ በክፍተቱ አዲስ አጥንት ይበቅላል።

ጡንቻ ግን እንደ አጥንት ለብሎን አይታዘዝም። ሲሳብ ይደክማል፤ እግሩ ረዝሞም ሳለ ባለቤቱ ጉልበቱን እንደ ልቡ መጥኖ ማዘዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ኢሊዛሮቭ በሽተኞቹን አልጋ ላይ አላዋላቸውም፤ ብረቱ እንደ ታሰረ እንዲቆሙ፣ እንዲረግጡ፣ እንዲራመዱ አደረገ።

የሞስኮ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ናቁት። በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ የተሰባበረውን የኦሎምፒክ ከፍታ ዘላይ ቫሌሪ ብሩሜልን በ1968 አክሞ ሰውየው ዳግመኛ ሲዘል ግን ስሙ ገነነ። በ1971 በኩርጋን የምርምር ተቋም ተከፈተለት፤ በ1992 እዚያው አረፈ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የዚህ ሰው ሕይወት አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ሐኪም አጥንቱን ሊያስረዝም ይችላል፣ መራመድን ግን ባለእግሩ ራሱ እንደ ሕፃን ዳግመኛ መማር አለበት።