ዳግማዊ ምኒልክና የካሳ ትርጉም

ሣህለ ማርያም ተብለው ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ የምርኮን ኑሮ ያወቁት ገና በልጅነታቸው ነበር። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. በሞት ሲለዩ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን አስገብረው ወጣቱን አልጋ ወራሽ ይዘዋቸው ሄዱ። በክብር ቢያዙም ነፃ አልነበሩም፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ እስኪገቡ ድረስ አሥር ዓመት ያህል በሰው እጅ ቆዩ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ሲያደርጉ፣ ወደ 1,900 የሚጠጉ የኢጣልያ ምርኮኞች በተራቸው በእርሳቸው እጅ ወደቁ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሽሮ የኢትዮጵያ ሙሉ ነፃነት ታወቀ እንጂ የጦርነት ካሳ አልተጠየቀም። ስለ ምርኮኞቹ በተደረገው ስምምነት ግን ለቀለባቸውና ለአያያዛቸው የወጣው ወጪ እንዲተካ ተወሰነ፤ ልኩም ለኢጣልያ መንግሥት ሚዛናዊነት ተተወ። ኢጣልያም 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች።

በዚህ ውሳኔ የካሳ ጠባይ ጎልቶ ይታያል። በመድን ሙያ እንደሚታወቀው፣ የካሳ ዓላማ ተጎጂውን ከጉዳቱ በፊት ወደ ነበረበት መመለስ እንጂ ማበልጸግ አይደለም። ስለዚህ የሚካሰው በቁጥር ሊገመት የሚችለው ጉዳት ነው። ቀለብ ይቆጠራል፤ በዐድዋ ተራሮች ለወደቀው ሰው ግን ዋጋ አልወጣለትም፤ ሊወጣለትም አይችልም።

ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. ሥራውን ያስጀመሩት የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ አገር የመድን ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ውል ይዋዋል ስለነበር፣ የዘመናዊ መድን ጅምር በኢትዮጵያ ከዚሁ ባንክ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ንጉሠ ነገሥቱ ከረጅም ሕመም በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተመረቀውን የፈረስ ላይ ሐውልታቸውን የፋሺስት ወራሪ ነቅሎ አነሣው። ከነፃነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የተወሰደው ራሱ ሲመለስ ከሁሉ የቀለለው ካሳ ይህ ነው። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ደግሞ ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ከዚሁ ካሳ በተገኘው ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ለከተማና ለፋብሪካ መብራት ሰጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያለቁት ግን፣ እንደ ዐድዋዎቹ ሁሉ፣ ከሒሳቡ ውጭ ቀሩ።