ዘር ከልጓም ይስባል፤ ዳርዊንና ውሾቹ

እብናት ልጅ ሳለሁ አንዲት ቡችላ ነበረችን። ምድጃው አጠገብ ከመተኛቷ በፊት ሣር የምትረግጥ ይመስል ሦስት አራት ጊዜ ትሽከረከራለች። ጅብ አይታ አታውቅም፤ ከወንዙ ማዶ ሲጮህ ግን የጀርባዋ ፀጉር ይቆማል። ማን አስተማራት ብዬ አያቴን ስጠይቃት ዘር ከልጓም ይስባል ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህንኑ ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲያብሰለስል የኖረ ሰው እንዳለ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ቻርለስ ዳርዊን ይባላል።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1809 በእንግሊዝ፣ ሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። ሐኪም የነበሩት አባቱ ልጃቸው ከአደን፣ ከውሻና ከአይጥ በቀር የሚገደው ነገር የለም ብለው ይበሳጩ ነበር። ሕክምና እንዲማር ኤደንብራ ላኩት፤ ያለ ማደንዘዣ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ማየት አቅቶት ጥሎ ወጣ። ቄስ እንዲሆን ካምብሪጅ ቢያስገቡትም እሱ ጢንዚዛ ሲለቅም ከረመ።

በ1831 ዓለምን ሊዞር የተሳፈረባት መርከብ ቢግል ትባላለች፤ ስሙ የአደን ውሻ ዝርያ ስም ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለስ፣ እንግዳ የማያስቀርብ አንድ ውሻው ያስታውሰው እንደሆነ ሊፈትን እንደ ድሮው ጠራው። ውሻው ከግማሽ ሰዓት በፊት የተለያዩ ይመስል ዝም ብሎ ተከተለው።

በ1859 የዝርያዎችን አመጣጥ የሚተርከውን መጽሐፉን ሲያሳትም፣ ስለ ደመ ነፍስ በጻፈው ምዕራፍ ቡችሎችን ምስክር አድርጎ አቀረበ። ወፍ የሚጠቁም የአደን ውሻ ቡችላ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ሳያሳየው፣ አንዳንዴ ደርቆ ቆሞ ይጠቁማል። የእረኛ ውሻ ቡችላ መንጋው መሐል ከመግባት ይልቅ ዙሪያውን ይሮጣል። ለምን እንደሚያደርጉት ግን አያውቁም። የእረኛ ውሻ ከሯጩ ግሬይሃውንድ ጋር ከተዳቀለ ደግሞ ዘሩ ጥንቸል ማሳደድ ያምረዋል። ጠባይም እንደ ጆሮና እንደ ጭራ ይወረሳል ማለት ነው። በ1872 ባወጣው መጽሐፉ የቡችላዬንም ነገር አገኘሁት፤ ምንጣፍ ላይ የሚሽከረከር ውሻ፣ የዱር አያቶቹ ሣር እየረገጡ መኝታ ያበጁ የነበረበትን ልማድ መድገሙ ነው።

ውርስ ግን ለዳርዊን የውሻ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1839 ያገባት ኤማ ዌጅውድ የአጎቱ ልጅ ነበረች። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይታሰብም፤ በእነሱ ግን የተለመደ ነበር። ከአሥሩ ልጆቻቸው ሦስቱ በልጅነታቸው ተቀጠፉ። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት አኒ በ1851 በአሥር ዓመቷ ስትሞት አጠገቧ ነበር። ራሱም ለዓመታት ታማሚ ስለነበር፣ ድካሜን ለልጆቼ አወረስኩ ይሆን የሚለው ፍርሃት አለቀቀውም። በ1870 የዘመዳሞች ጋብቻ በሕዝብ ቆጠራው እንዲጠየቅ ቢጥርም ፓርላማው ሳይቀበለው ቀረ።

ዳርዊን ኤፕሪል 19 ቀን 1882 አረፈ፤ የተቀበረውም ዌስትሚኒስተር አቤይ ነው። ከሥሩ የማትጠፋው ውሻው ፖሊም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው።

የአያቴ ተረት ለእኔ ስለ ቡችላ ብቻ ነበር። ዛሬ ልጄ ሲቆጣ የአባቴን ፊት ሳይበት፣ ምን ሌላ አውርሼው ይሆን እላለሁ። ያን ጊዜ ዳርዊን በአኒ አልጋ ዳር ሆኖ ትዝ ይለኛል።